ጉማራ አፍ ላይ

ፍልሰታ በተፈታ በሳምንቱ የአክስቴ ልጅ ከሚኒሶታ መጣ፣ ገዳማቱን ስንቴ አይቷቸዋል ብዬ ጉማራ ወንዝ ጣና ላይ የሚገባበት ቦታ ልውሰደው አልኩ። ከባህር ዳር በሞተር ጀልባ ሳይነጋ 11 ሰዓት ተነሳን፣ ብርዱ አይጣል ነው! መሀል ላይ ደግሞ እምቦጭ ሞተሩ ላይ ተጠመጠመና ግማሽ ሰዓት ቆመን ቀረን።

ልጁ የአደን ነገር አይሆንለትም፣ መንገዱን ሙሉ ስለ አጋዘን ነበር ወሬው (የኛውን ቀንደ ጥምዝ እንዳይመስላችሁ፣ ጅራቱ ከስሩ ነጭ የሆነውን የነሱን ነው)። እዛ ኖቬምበር ላይ ስሪያ ይገባሉ አለኝ፣ ወንዱ ሴት ሲያባርር ውሎ ምግብ ይረሳል፣ ውሃ ግን ይጠማዋል፣ ስለዚህ ኩሬ ዳር ዛፍ ላይ ወጥተህ፣ ነፋሱ ጠረንህን ወደሱ እንዳይወስድብህ አይተህ፣ ዝም ብለህ መጠበቅ ነው። ሌላ ጊዜ ጥላውን እንኳ የማታየው አውሬ በዛ ሰሞን ራሱን ስቶ ፊትህ ይመጣል።

ጉማራ ጋ ስንደርስ ሐይቁ ሁለት ቀለም ሆነ፣ ከፎገራ አፈር ጠርጎ የመጣው ውሃ ቡናማ ወተት ያበዛበት ሻይ ነው የሚመስለው። አንድ ሽማግሌ አሳ አጥማጅ ታንኳቸው ላይ መረብ እየሳቡ ነበር። «ጋሼ እንዴት አደሩ፣ ምን ተያዘ?» አልኳቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወቅቱ ነው ልጄ» አሉ። ከሐምሌ ጀምሮ ነጭ አሳ ከሐይቁ እዚህ አፉ ላይ ይሰበሰባል፣ ከዛ ወንዙን ሽቅብ ወጥቶ ጠጠር ያለበት፣ ጥርት ያለ ፈጣን ውሃ ፈልጎ እንቁላሉን ይጥላል፣ እስከ ጥቅምት ድረስ። ጣና ውስጥ ከ15 የሚበልጥ የነጭ አሳ ዓይነት አለ፣ አብዛኛው ሌላ ሀገር የለም፣ ታዲያ ብዙው ለመራባት በነዚህ ወንዞች አፍ ማለፍ አለበት፣ መረቡም እዛው ነው የሚዘረጋው።

«በቃ ያው የኛ ኩሬ ነዋ!» አለ የአክስቴ ልጅ።

ሽማግሌው አንዷን አንስተው ሆዷን በአውራ ጣታቸው ጫን ሲያደርጉ ቢጫ እንቁላል መዳፋቸው ላይ ፈሰሰ፣ ማሽላ የሚያህል። እሱ ዝም አለ። ቆይቶ «እኛ እኮ የምንጠብቀው ቀንዳሙን ወንድ ነው፣ እናንተ ሴቶቹን አትለቁም?» አላቸው።

«እሱማ ጥሩ ነበር» አሉና ሳቁ፣ «አሳ ቀንድ አውጥቶ አይመጣ! መረብ ደግሞ አያይም። እኔ ባነሳው ያ ከታች ያለው ሰውዬ ይዘረጋል።» በአገጫቸው ወደ ወንዙ አሳዩን፣ ከደንገሉ ጀርባ ሌላ ታንኳ ነበር፣ ከሱም ወዲያ ሌላ።

ሁለት አሳ ገዝተን ተመለስን። እናቴ ስትከፍታቸው ሁለቱም ሆዳቸው ጢም ብሏል፣ «ውይ እነዚህ ነገር!» ብላ እንቁላሉን ለድመቷ ወረወረችላት፣ ድመቷም አሽትታ ትታው ሄደች።