ኮሚናሉ ውስጥ ድራማ ስንጀምር

ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሬን ልጆች ድራማ አለማምዳለሁ። ወላጆች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ሁሌም አንድ ነገር ነው። «ልጄ ተሰጥኦ አላት?» ይሉኛል። ካላት ትቀጥል፣ ከሌላት ጊዜዋን አታባክን ለማለት ነው። እኔ ደግሞ አርቲስት የምትሆነዋ ልጅ መንገዷን አታጣውም እላቸዋለሁ። ይበልጥ የማስበው ነገ ነርስ፣ ሹፌር፣ ነጋዴ ወይም የሒሳብ ሠራተኛ ስለሚሆኑት ነው። መድረኩ ለእነሱም ያስፈልጋቸዋል።

የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። የምሠራው ሰንጋተራ፣ ባንክ ውስጥ ነው። ከኪነ ጥበብ ጋር የተዋወቅኩት ሃይስኩል እያለሁ፣ በሚኒ ሚዲያና በድራማ ክበብ ነው። ከዚያ ወዲህ መድረክ ላይ አልወጣሁም። ግን ዛሬ የተቆጣ ደንበኛን በእርጋታ የማናግረው፣ ስብሰባ ላይ ሐሳቤን ሳልፈራ የምናገረው፣ ያኔ ጠዋት ጠዋት ተማሪ ተሰልፎ ማይክ ይዤ ዜና ሳነብ ባገኘሁት ድፍረት ነው። የሰፈሬ ልጆች ክረምቱን ሙሉ ደረጃ ላይ ተደርድረው ስልክ ሲነካኩ ሳይ ይቆጨኝ ነበር።

ሐሳቡ የመጣልኝ በቡሄ ነው። ከልጆቹ አንዱ ሰላም ስትሉት እንኳ አንገቱን የሚደፋ ነው። ያን ዓመት የሆያ ሆዬው አውራጅ እሱ ሆኖ አገኘሁት። በየበሩ ቆሞ የቤቱን ባለቤት እየጠራ ያወድሳል። ግጥሙን እዚያው ይፈጥረዋል። ተቀባዮቹ ሲዘገዩ በዱላው ወለሉን ጠንከር አድርጎ ይመታና ያስተካክላቸዋል። በሩ አልከፈት ሲል ግጥሙን ቀይሮ ያባብላል። ሲጨርሱ ሙልሙሉንና ብሩን ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው፣ አንድም ሳይጣሉ ተካፈሉ። ድርሰቱም፣ ትወናውም፣ ቡድን መምራቱም እዚያው አለ። ነሐሴ 13 ሲያልፍ ግን ዱላው ይቀመጣል፣ ልጁም ወደ ዝምታው ይመለሳል። ለቀሪው ዓመት የሚሆን ቦታ ፈልጌ ላምጣለት አልኩ።

ቦታው ደግሞ ሩቅ አልነበረም። ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ኮሚናልን ያውቃል። ሠርግ፣ ለቅሶ፣ የእድር ስብሰባ የሚካሄድበት የጋራ ቤት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ተቆልፎ ይውላል። የእድራችን ሊቀመንበር ዘንድ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ለልጆቹ ይፍቀዱልን» አልኳቸው።

«ለቅሶ ከመጣስ ልጄ?»

«ለቅሶ ከመጣ እኛ እንወጣለን። ድንኳኑንም ወንበሩንም ልጆቹ ያወጣሉ፣ እነሱው ይመልሳሉ።»

ቁልፉን የሰጡኝ ለዚህ መልስ ይመስለኛል። ልጆቹም ቃላቸውን ጠበቁ። በኋላ ለቅሶ በደረሰ ጊዜ የእድሩን ወንበር ሲደረድሩ ያየ ሽማግሌ ሁሉ ጠበቃችን ሆነ። እንዲህ ያለ ነገር መጀመር የሚፈልግ ሰው ካለ የምመክረው ይህንን ነው። መጀመሪያ ገንዘብ አትጠይቁ። ቦታ ጠይቁ፣ ስትጠይቁም የምትሰጡትን ይዛችሁ ሂዱ።

ወላጆችን ማሳመን ግን ከዚህ ይከብዳል። ፍርሃታቸው ከመሬት የተነሳ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው። በቀጣዩ ዓመት 5.4 በመቶ ሆነ። ይህን የሰማ አባት ድራማ ሲባል ቢቆጣ አልፈርድበትም።

የማውቀውን ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካ ውስጥ ወጣቶችን ለዓመታት ከተከታተሉ መረጃዎች ተነስቶ የወጣ ጥናት አለ። ድሃ ቤት አድገው ኪነ ጥበብ ውስጥ በደንብ የተሳተፉ ልጆች፣ ካልተሳተፉት እኩዮቻቸው የተሻለ ውጤት ነበራቸው። ኮሌጅ የገቡትም በርከት ይላሉ። ይህን ያመጣው ኪነ ጥበቡ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፣ ይህንንም አልደበቅኳቸውም። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮም እ.ኤ.አ. በ2019 ከ3,000 በላይ ጥናቶችን አይቶ፣ ኪነ ጥበብ በሽታን ለመከላከልም የታመመን ለመደገፍም እንደሚረዳ ጽፏል።

እውነቱን ለመናገር ወላጆቹን ያሳመናቸው ጥናቱ አይደለም፣ ሰዓቱ ነው። ከ9 ሰዓት እስከ 11 ተኩል፣ ሳይመሽ ሁሉም ቤቱ። የፈተና ሰሞን ልምምድ የለም። የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሚቀላቀለን ተፈትኖ ሲጨርስ ብቻ ነው። ይህንን በወረቀት ጽፌ በየቤቱ አደረስኩ። የሴቶቹ ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ነው። ወንዱ ተነስቶ ይመጣል። እሷ ግን ልብሱ አለ፣ ወጡ አለ፣ ታናሽ ወንድም አለ። በየቤቱ ቡና እየጠጣሁ «እትዬ፣ የቤቱን ሥራ ጠዋት ትጨርስና 9 ሰዓት ላይ ይልቀቋት» እያልኩ ለመንኩ። ይህን ባላደርግ ኖሮ የወንዶች ክበብ ይሆን ነበር።

ከሁሉም በላይ ያሰብኩበት ግን ምን እንሥራ የሚለው ነው። እኔ ተማሪ እያለሁ የፀረ ኤድስ ክበቡ ድራማ መጨረሻው ከመጀመሪያው ይታወቅ ነበር። ያልተጠነቀቀው ይታመማል፣ መካሪው ይመክራል፣ እኛ እናጨበጭባለን። ጊዜው ከባድ ነበር፣ የሕይወት ጉዳይ ነበርና አልነቅፈውም። ከእድራችን እናቶች አንዷ ደግሞ በደርግ ጊዜ የቀበሌ ኪነት ውስጥ ነበሩ። ዘፈኑም፣ ጭፈራውም፣ ጓደኝነቱም ዛሬ ድረስ ይናፍቃቸዋል። «ግጥሙ ግን ተጽፎ ነው የሚሰጠን» አሉኝ። በሁለቱም ጊዜ ወጣቱ መድረክ አግኝቷል። የሚናገረውን ግን ሌላ ሰው መርጦለታል። ስለዚህ አንድ ሕግ አወጣን። ማንም መልዕክት ይዞ አይመጣም፣ በሳምንቱ ደረጃው ላይ ያየውን ነገር ይዞ ይምጣ።

ይዘውት የመጡት ውሃ ነው። እኛ ጋ ውሃ በፈረቃ ነው። ምድር ቤት ሲደርስ አራተኛ ፎቅ ላይወጣ ይችላል። በጀሪካን የተነሳ የተኳረፈ ጎረቤት አለ። ልጆቹ ይህንን ሁሉ እኔ ከማውቀው በላይ ያውቁታል።

አንዷ ልጅ ላይ ቆም ልበል። የደረሳት ገጸ ባሕርይ አራተኛ ፎቅ ውሃ የሚያመላልሱ እናት ናቸው። የመጀመሪያ ቀን ወገቧን ጎበጥ፣ ድምጿን ቀጠን አድርጋ አሮጊት ሆነች፣ ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ የእውነተኛዋን ጎረቤቷን አወጣጥ አይተሽ ነይ አልኳት። ይዛ የመጣችው ሌላ ነገር ነበር። እኚያ ሴት ወገባቸውን አያጎብጡም፣ ቀጥ ብለው ነው የሚወጡት። ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን በቀኝ እጃቸው ይይዛሉ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ያስቀምጡታል። ሰው ሲያልፍ ያረፉ እንዳይመስልባቸው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። ልጅቷ ይህንን ስታሳየን ማንም አልሳቀም። በዚያ ደረጃ በቀን ስንቴ እየወጣች፣ ሴትየዋን ልብ ብላ ያየቻቸው ያን ሳምንት ነው። ኪነ ጥበብ ለወጣት ምን ያደርጋል ስባል መጀመሪያ የሚመጣልኝ ያ ነጠላ ነው።

ልምምዱ ላይ በጣም የጠቀመን ቀላል ዘዴ ነው። ቃለ ተውኔትህን ከመናገርህ በፊት፣ ጓደኛህ የተናገረውን የመጨረሻ ቃል ደግመህ ትላለህ። መጀመሪያ ያናድዳል። ልጆቹ፣ በተለይ ወንዶቹ፣ ሌላው ሲናገር የሚያዳምጡ ይመስላሉ እንጂ የራሳቸውን ተራ ነው የሚጠብቁት። ቃሉን ካልያዝክ ግን መቀጠል አትችልም። ሁለት ሦስት ቅዳሜ እንደሠራነው ጨዋታቸው ራሱ ተለወጠ። አንዱ ሳይጨርስ ሌላው መዝለሉ ቀነሰ። ከ8ኛ ክፍል በታች ያሉት አሁን በትምህርት ቤት ክወናና እይታ ጥበባት ስለሚማሩ፣ አንዳንዱን መልመጃ ለታላላቆቻቸው ያሳዩት እነሱ ናቸው።

ያሳየነው ከእድሩ ወርሃዊ ስብሰባ በኋላ ነው። መብራት የለ፣ መጋረጃ የለ፤ ያሉን የእድሩ ወንበሮችና ሁለት ቢጫ ጀሪካኖች ናቸው። ሲያልቅ እኚያ እናት ተነሱና «አንቺ ልጅ፣ የነጠላዬን አያያዝ እንኳ አልተውሽልኝም» ብለው ጉንጯን ሳሟት። ቀጥሎ ለወራት ሲንከባለል የቆየው የፓምፕ መዋጮ ተነሳ። ያን ቀን አልተወሰነም። ግን ምድር ቤት የሚኖሩ አንድ አባት «እኛ ጋ ስለሚደርስ የእናንተ ችግር አልታየንም ነበር» አሉ። በዚህ ጉዳይ ብዙ ስብሰባ ተቀምጫለሁ፤ እንዲህ ያለ ንግግር ግን ሰምቼ አላውቅም። ኪነ ጥበብ ለኅብረተሰብ ያለውን ጥቅም ከዚህ በተሻለ ላስረዳ አልችልም። ነገሩ ለአገርም አዲስ አይደለም። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ የተመሠረተው የጣልያን ወረራ ሲቃረብ፣ ሕዝቡን በንግግርና በዘፈን ለማነቃቃት ነበር።

በኋላ ልጆቹን ብሔራዊ ቴአትር ወሰድኳቸው። ደጁ ላይ የቆመውን የድንጋይ አንበሳ ሁሉም ያውቁታል፣ ታክሲ የሚይዙት እሱ ጋ ነው። ውስጥ የገባ ግን አንድም አልነበረም። ጣልያኖች ለሲኒማ የጀመሩት ሕንፃ እንደሆነ፣ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሡ የኢዮቤልዩ በዓል ተጠናቆ እንደተመረቀ ስነግራቸው ግድግዳውን ቀና ብለው ያዩ ጀመር። ያ አውራጅ ልጅ ሲወጣ የነገረኝ ስለ ሕንፃው አይደለም። «ተዋናዩ ሳቁ እስኪበርድ ቃሉን ይዞ ቆየ፤ እኛ ግን ሳቁ ላይ ነው የምንናገረው» አለኝ። በቀጣዩ ቅዳሜ ልምምዱን በዚያ ጀመርን።

ወጪውን ለሚጠይቁኝ፣ ብዙ አይደለም። ፎቶ ኮፒ፣ ሻይና አምባሻ፣ አልፎ አልፎ የቴአትር ትኬት። ሻዩን ወላጆች በተራ ያመጣሉ። ከባዱ በየሳምንቱ መገኘት ነው። እኔ ሥራ ሲይዘኝ ቁልፉን የሚይዙ ሁለት ትልልቅ ልጆች መርጠናል፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት። ለመጪው ክረምት አንድ ክራር እየፈለግን ነው። የእድሩ እናቶች ደግሞ ከልምምዱ በፊት አንድ ሰዓት የሒሳብ ጥናት ይጨመርበት ብለዋል፣ ተስማምተናል። የ12ኛ ክፍል ፈተና የጨረሱት ታናናሾቻቸውን ያስጠናሉ፣ ከዚያ ወንበሩን ገፋ አድርገን ልምምዳችንን እንጀምራለን።