ስንት ትይዋለሽ?

ዛሬ ምንም የተለየ ነገር አልተፈጠረም። ዝም ብሎ ከፍቶኛል። ማታ ቦርሳዬን ሳራግፍ ያ የአልትራሳውንድ ወረቀት ወጣ። «የሚታይ ችግር የለም» ይላል። አጣጥፌ መልሼ ከተትኩት። ግን ይኸው እንቅልፍ የለም።

ያንን ሕመም ታውቁታላችሁ። በየወሩ እየመጣ የሚያጥፈኝን። ሐኪም ቤት የሄድኩ ቀን ታናሽ እህቴ ደግፋ ነው ያስገባችኝ። ዶክተሩ ኮምፒውተሩን እያየ «ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ስንት ትይዋለሽ?» አለኝ። «ሰባት» አልኩ። ዘጠኝ ነበር። ዘጠኝ ብል አጋነነች እንዳይለኝ ፈራሁ። ዘጠኝ የሚል ሰው መጮህ ያለበት መሰለኝ። እኔ ደግሞ ሲብስብኝ ድምፄ ይጠፋል።

ዝም ማለቴን አይቶ ነው መሰለኝ «ጭንቀት ይሆናል፤ ዕረፍት አድርጊ» ብሎ ማስታገሻ ጻፈልኝ። ከእሱ በፊት ያየችኝ ሐኪም ፊት ግን አልቅሼ ነበር። እሷም ጭንቀት ነው ያለችኝ። ባለቅስም ጭንቀት፣ ዝም ብልም ጭንቀት።

ኢንዶሜትሪዮሲስ ስለሚባለው ሕመም አንብቤያለሁ። የማሕፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ነገር ከማሕፀን ውጭ ይበቅላል። በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ ገደማ የሚሆኑት አለባቸው። አልትራሳውንድ ላይ ሳይታይ ሊቀርም ይችላል። የእኔ እሱ ይሁን አይሁን አላውቅም። ዶክተሩ «አልታየኝም» ቢለኝ ኖሮ እቀበለው ነበር። እሱ ግን «የለም» አለኝ።

ካርዱ ላይ የተጻፈውን ሳይ ደግሞ «የሆድ ቁርጠት» ይላል። በቃ። እኔ እኮ ቁርጠት ብቻ አላልኩም። «መጀመሪያ ይመዘምዘኛል፤ ከዚያ ድንገት ይወጋኛል፤ ጭኔ ድረስ ይነዝረኛል» ነው ያልኩት። ስንት ቃል አለን! ራስ ይፈልጣል። ጥርስ ይጠዘጥዛል። መገጣጠሚያ ይቆረጥማል። ጨጓራ ያቃጥላል። ቃላቱ ደግሞ ለማማረር ብቻ አይደሉም፤ መንገድ ይጠቁማሉ። የሚያቃጥልና እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ሕመም ከነርቭ ሊሆን ይችላል። ሮናልድ ሜልዛክ የሚባል ካናዳዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1975 የሕመም መጠይቅ ሲያወጣ 78 ቃላት ሰብስቦበታል። ሰባ ስምንት! እኔ ሦስት ብናገር ሦስቱም መንገድ ላይ ቀሩ።

«አመመኝ» የሚለው ራሱ ገርሞኝ አመሸሁ። በላሁ፣ ሄድኩ፣ ተኛሁ ስንል አድራጊዎቹ እኛ ነን። አመመኝ ስንል ግን አድራጊው ሌላ ነው። እኔ የሚደረግብኝ ነኝ። ማን እንዳደረገው ቃሉ አይናገርም። እኔም እኮ የሄድኩት ይህንኑ ልጠይቅ ነበር። ማነው? ከየት ነው የሚመጣው? ማስታገሻውን ስቀበል ጥያቄዬን እዚያው ትቼው የወጣሁ ያህል ተሰማኝ።

ሐሙስ ሌላ ሐኪም ጋ ቀጠሮ አለኝ። የሚጀምርበትን ቀን፣ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ የት የት እንደሚሄድ ሁሉ ጽፌያለሁ። ሦስቱንም ቃላት ጽፌያለሁ። ቁጥሩ ላይ ስደርስ እስክሪብቶው ቆመ። ዘጠኝ ነው። ዘጠኝ ልበል? ዘጠኝ እያልኩስ ፊቴን ምን ላድርገው?