ልጄ ትታልኝ የሄደችው እባብና የምግቧ ቀን

ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የተማሪዎች ማደሪያው የቤት እንስሳ ስለማይፈቅድ፣ ከመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ስታሳድጋት የነበረችውን እባብ ለእኔ አስረክባ ሄደች። የምንኖረው ሲያትል ነው። እባቧ ኮርን ስኔክ የሚባለው ዓይነት ስትሆን፣ የዘር አገሯ ከኒው ጀርዚ እስከ ፍሎሪዳ ያለው የአሜሪካ ምሥራቅና ደቡብ ምሥራቅ ነው። መርዝ የላትም፤ አይጥ የምትገድለው ተጠምጥማ አጥብቃ በመጭመቅ ነው። በደንብ ከተያዘች እስከ 20 ዓመት ልትኖር ስለምትችል፣ ልጄ ተመርቃና አግብታ እንኳ እባቧ እኔ ጋር ልትቀር ትችላለች። በቀለሟ ምክንያት ስሟ ብርቱካን ሆኗል፤ በስልክ «ብርቱካን በልታ ተኝታለች» ስል የሰማ ዘመድ ሁሉ ብርቱካን ማን እንደሆነች ይጠይቀኛል።

እኔ ያደግሁት እባብ ሲታይ ዱላ በሚፈለግበት ገጠር ነው። «እባብን ግደል፣ ከነበትሩ ገደል» የሚለው አባባል እፉኝት በሚገኝበትና ጤና ጣቢያ በሚርቅበት አካባቢ ለሚኖር ገበሬ ተገቢ ጥንቃቄ ነው፤ ስለዚህ የአገሬን ሰው ፍርሃት አልነቅፍም። ብርቱካን ግን ልታስፈራኝ የምትችለው በመርዝ ሳይሆን በጠባይዋ ነው፤ ቁጡ ናት፣ የምግቧ ቀን ሲቃረብ ደግሞ ይብስባታል። ከእሷ ጋር መኖር የሚቻለው ፍርሃቷንና ረሃቧን ለይቶ በማወቅ እንደሆነ የተረዳሁት ቀስ በቀስ ነው፤ ሁለቱም የሚያበቁት በመወርወር ቢሆንም አጀማመራቸው ፈጽሞ የተለያየ ነውና።

ስትፈራ አንገቷን ወደ ኋላ ስባ ታጣጥፈዋለች፣ ሰውነቷ ይገተራል፣ የጭራዋም ጫፍ ይርገበገባል። ከሥሯ የተነጠፈው ደረቅ የእንጨት ፍቅፋቂ ስለሆነ የጭራዋ ምት ከሌላ ክፍል ይሰማል፤ ላልለመደው ሰው መርዛማ እባብ የምታስጠነቅቅ ይመስለዋል። ያኔ በግድ ብትያዝ ከጭራዋ ሥር መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ትለቃለች፤ ሸሚዝ ላይ ካረፈ አንድ አጠባ አያስለቅቀውም። ስትራብ ግን ወደ ኋላ አትልም። ከመደበቂያዋ ጭንቅላቷን አውጥታ፣ ምላሷን ቶሎ ቶሎ እያወጣችና እያስገባች፣ ከመስታወት ቤቷ ውጭ የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ በዝግታ ትከተላለች። ምላሷ ከአየር የሰበሰበውን ሽታ በላንቃዋ ላይ ወዳለው የማሽተቻ አካል ስለሚያደርስ፣ አይጥ የነካ እጅ ለእሷ አይጥ ነው።

የአይጦቹ ጉዳይ ከባለቤቴ ጋር ረጅም ድርድር አስከትሏል። ከቤት እንስሳት መደብር በረዶ ሆነው የሚሸጡት አይጦች ከበርበሬውና ከዶሮ ብልቱ ጋር በአንድ ፍሪዘር አይቀመጡም አለች፤ እውነቷን ነው። አሁን ጋራዥ ውስጥ የራሳቸው ትንሽ ፍሪዘር አላቸው። የማቀልጠውም እዚያው ነው፤ በፕላስቲክ ከረጢት አሽጌ መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ፣ በረዶው ከለቀቀ በኋላ ደግሞ ሙቅ ውሃ ውስጥ እከተዋለሁ፤ ባልዲውም ወደ ወጥ ቤት አይገባም። ማይክሮዌቭ አንዱን ክፍል አብስሎ ሌላውን በረዶ አድርጎ ስለሚተው አይታሰብም። ብርቱካን የምትበላው በየ10 ቀኑ አካባቢ ሲሆን፣ የአይጡ ውፍረት ከሰውነቷ ወፍራም ክፍል ብዙም መብለጥ የለበትም። በዐቢይ ጾም ቤቱ በሙሉ በሽሮና በምስር ሲውል አንድ ፍጥረት ብቻ ሥጋ መብላቷ ባለቤቴን ዛሬም ያስቃታል።

ምግቡን በረጅም መቆንጠጫ አቀርባለሁ፤ እጄ ከቤቷ በር ወደ ውስጥ አያልፍም። አይጡን በጭንቅላቱ በኩል አስጠግቼ ከያዘችው በኋላ በሩን ዘግቼ እሄዳለሁ፣ ምክንያቱም ቆሞ የሚያያት ሰው ካለ ጥላው ይሆን እንቅስቃሴው ምግቧን አስትቶ ወደ መከላከል ይመልሳታል። አንዳንድ አርቢዎች እባቡን ወደ ሌላ ሳጥን አዛውረው ማብላትን ይመክራሉ። እኔ አልተቀበልሁትም፤ የተራበችን እባብ በእጅ አንስቶ መውሰድ፣ ከዚያም ሆዷ ሞልቶ እንደገና አንስቶ መመለስ፣ መነካት በማይገባት በሁለቱም ሰዓት መንካት ነውና። ከበላች በኋላ ቢያንስ 48 ሰዓት ማንም አይነካትም፤ ከተነካች የዋጠችውን ልትተፋ ትችላለች፣ ይህም ሰውነቷን ክፉኛ ያዳክማታል። ምግቡ እንዲፈጭላት የቤቷ አንዱ ጥግ ከ29 እስከ 31 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሞቅ አለበት፤ ማሞቂያውም ከሙቀት መቆጣጠሪያ ጋር ካልተያያዘ ሊያቃጥላት ይችላል።

በሌሎቹ ቀናት ላነሣት ስፈልግ በመጀመሪያ እጄን በሳሙና እታጠባለሁ። ከዚያም በባዶ የወረቀት ፎጣ ጥቅል ወገቧን ቀስ አድርጌ እነካታለሁ። ይህ ንክኪ የምግብ ሰዓት አለመሆኑን የሚነግራት ምልክት ሆኗል፤ አንገቷ ይላላል፣ ምላሷም ዝግ ይላል። እጄን ከላይ ሳይሆን ከጎን አስገብቼ መካከለኛውን ሰውነቷን በሁለት መዳፍ እደግፋለሁ፤ በተፈጥሮዋ ከላይ የሚወርድባት ነገር ጭልፊት ነው። ዐይኖቿ ደፍርሰው ወደ ሰማያዊ ሲያደሉ ግን ቆዳዋን ልትለውጥ ነው ማለት ስለሆነ፣ በደንብ አታይምና ጨርሶ አልነካትም፤ በእነዚያ ቀናት ምግብም ብትገፋ አያስደነግጥም።

ልጄን ነክሳት ታውቃለች። ጥርሶቿ ጥቃቅንና ወደ ውስጥ የታጠፉ ስለሆኑ እጅን በድንጋጤ መንጠቅ ከንክሻው ይልቅ ቆዳን ይቀድዳል፤ እስክትለቅ ታግሦ በሳሙናና በውሃ መታጠብ ይበቃል። ከንክሻው ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሳልሞኔላ የተባለው ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ነው፤ ተሳቢ እንስሳት ጤነኛ እየመሰሉ ባክቴሪያውን ሊይዙ ስለሚችሉ፣ የአሜሪካ የበሽታዎች ቁጥጥርና መከላከል ማዕከል ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት እንዳይነኳቸው ይመክራል። ቡና ሊጠጡ የሚመጡ ወዳጆቻችን ልጆች ይዘው ስለሚመጡ የክፍሉ በር በቁልፍ ይዘጋል፣ ልጆቹ ምንም ያህል ቢለምኑም።

ለክረምቱ ዕረፍት አዲስ አበባ ለመሄድ ስዘጋጅ፣ ማን ያበላታል የሚለው ጥያቄ ቤታችን ውስጥ ተነሥቶ ነበር። ጤነኛ የሆነች ትልቅ እባብ ጥቂት ሳምንታት ሳትበላ ብትቆይ እንደማትጎዳ ሳስረዳ ባለቤቴ እፎይ አለች፤ በመቆንጠጫ የውሃ ሳህኑን እያወጣች ልትቀይርላት ተስማምታለች፣ ጋራዡን ግን አልከፍትም ብላለች።