የትኛው ሀ?

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ሙዴ ልክ አልነበረም። ምክንያቱን ብትጠይቁኝ የለኝም። የሚያዝያ ዝናብ ነበር፣ ባቡሩም ዘገየ፤ ግን እሱ አይደለም። አንዳንድ ቀን ዝም ብሎ ሆድ ይብሰኛል።

ሥራ ቦታ ስደርስ እማማ እንደ ልማዳቸው መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። እማማ የምላቸው ሥራ ቦታ የማገኛቸውን የዚህ አገር አዛውንት ነው። ክሮስወርዳቸውን፣ ያን ፍንጭ እያዩ ሳጥን ውስጥ ፊደል የሚሞሉበትን የቃላት ጨዋታ፣ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይዘዋል። እርሳሳቸው ከአውራ ጣቴ አይበልጥም። ላጲሱ አልቆ ብረቱ ብቻ ስለቀረ፣ ሲሳሳቱ ጣታቸውን በምራቅ ነክረው ፊደሉን ያሻሹታል። ወረቀቱ እዚያ እዚያ ጋ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል።

«ነይ፣ ይቺ ያንቺ ናት» አሉኝ። ጠጋ ብዬ አየሁ። ፍንጩ «አዲስ» ይልና ባዶ ሰረዝ ይከተለዋል። አምስት ፊደል።

«አበባ» አልኳቸው። ኤ፣ ቢ፣ ኤ፣ ቢ፣ ኤ እያሉ ሞሉት። እዚህ አገር ክሮስወርድ የሚያዘጋጁ ሰዎች ከተማችንን ይወዷታል። አናባቢና ተነባቢ እየተፈራረቁ የሚሄዱበት ቃል ከሌሎች ቃላት ጋር ለማገናኘት ስለሚመች ነው። እማማም እኔን ከማወቃቸው በፊት ሲሞሏት ኖረዋል። ምን ማለት እንደሆነ ግን አያውቁም ነበር። መስኮቱ ላይ ያለችውን የሸክላ አበባ አሳየኋቸውና «ይሄ ነው» አልኳቸው። እርሳሱን አስቀመጡ። «ይሄን ሁሉ ዓመት አበባ ስጽፍ ነበር?» አሉኝ።

ማታ ስመለስ ባቡሩ ውስጥ ልብ ብዬ አየሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ስልኳ ላይ ትንሿን ክሮስወርድ እየሞላች ነው። ፊት ለፊቴ ያለው ጎረምሳም እንደዚያው። ድሮ የጡረተኛ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። ወረርሽኙ ሰውን ሁሉ ቤት ከዘጋበት ከ2020 ወዲህ ግን ወጣቱም ተያይዞታል። ደግሞ አልገረመኝም። ጨዋታው የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በታኅሣሥ 1913 ነው። አርተር ዊን የሚባል የሊቨርፑል ሰው ለአንድ የኒውዮርክ ጋዜጣ የእሑድ እትም አዘጋጀው። «ኒውዮርክ ታይምስ» በ1924 ጊዜ ማባከን ነው ብሎ አጣጥሎት ነበር። በየካቲት 1942 ግን አሜሪካ ጦርነት ውስጥ በገባች በሁለት ወሯ ራሱ ማተም ጀመረ። እኔ እንደሚገባኝ ሰው ዙሪያው ሲጨልምበት መልስ ያለው ጥያቄ ይርበዋል።

ከሁሉም ልቤን የሚነካው ግን የዎርድል ነገር ነው። ያ በ2021 መጨረሻ ዓለምን ያዳረሰው የቃል ጨዋታ ማለቴ ነው። ጆሽ ዋርድል የሚባለው ሰው መጀመሪያ የሠራው የቃላት ጨዋታ ለምትወድ ፍቅረኛው ብሎ ነበር። ለአንድ ሰው!

ከባቡር ስወርድ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አበባ በእንግሊዝኛ አምስት ሳጥን ነው። በእኛ ሦስት ነው። አ፣ በ፣ ባ። ለምን በአማርኛ አልሠራም? ለአባዬ።

አባዬ ክሮስወርድን «አግድምና ቁልቁል» ነበር የሚለው። ተማሪ እያለሁ አራት ኪሎ አብሬው እሄድ ነበር። ጋዜጣ አከራዮቹን ታስታውሷቸዋላችሁ። በሳንቲም ትከራያለህ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠህ ታነባለህ፣ አጥፈህ ትመልሳለህ። አባዬ ዜናውን ቶሎ ቶሎ ያልፍና አግድምና ቁልቁሉ ላይ ይቆማል። አከራዩ ልጅ «ጋሼ፣ እስክሪብቶ ክልክል ነው» ይለው ነበር። ስለዚህ አባዬ አንድ ፊደል ሳይጽፍ በጭንቅላቱ ይሞላዋል። ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። የቀኝ እጁ ሌባ ጣት በግራ መዳፉ ላይ ሳጥን ይሥላል። ሲጨርስ ጋዜጣውን ንጹሑን እንዳለ ይመልሳል። ከእሱ በኋላ የሚከራየው ሰው ሁሉም ሳጥን በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ እንደሞላ በምን ያውቃል?

እራት ሳልበላ ባለካሬ ደብተር አወጣሁ። ከባድ ነው! እንግሊዝኛ ሃያ ስድስት ፊደል ይዞ ይጫወታል። እኛ 33 ፊደል በሰባት ቤት ሲባዛ 231 ነው፣ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። ሳጥኑ ውስጥ «ሉ» ካለ የሚያቋርጠው ቃልም «ሉ» ራሷን መያዝ አለበት። «ለ» ወይም «ላ» አትጠቅምም። ደግነቱ ቋንቋችን ይተጣጠፋል። «ት» አልገናኝ ስትል «ቤት»ን «ቤቱ» ወይም «ቤቴ» ታደርገዋለህ። ሳጥን አይጨምርም፣ መጨረሻዋ ፊደል ብቻ ትለወጣለች። ይሄን ሳገኝ ለብቻዬ ጮህኩ።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ሠራሁ። ፍንጮቹን ለእሱ ብቻ አደረግኋቸው። ቁልቁል፦ «ጠዋት በረንዳ ላይ የምትሞቀው»፣ ሦስት ፊደል። ፀሐይ። አግድም፦ «ከሄዱ በኋላ የሚናፈቅ»፣ ሦስት ፊደል። ሀገር። የፀሐይ ሁለተኛ ፊደል የሀገር መጀመሪያ ላይ ታርፋለች።

እዚያ ላይ እጄ ቆመ። አባዬ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነው። ደብዳቤ ስጽፍለት እንኳ ንጉሡን ሠ በእሳቱ ሰ ስቀይር ያርመኝ ነበር። ፀሐይ የምትጻፈው በሐመሩ ሐ ነው። ሀገር ደግሞ በሀሌታው ሀ። እኔና ጓደኞቼ በስልክ ስንጻጻፍ ግድ የለንም፣ ፀሀይም እንላለን፣ ሐገርም እንላለን። ለእሱ ግን ሁለት ፊደል በአንድ ሳጥን መቀመጥ አይችልም። ሐመሩን ብጽፍ ሀገር ይበላሻል። ሀሌታውን ብጽፍ ፀሐይ ትበላሻለች። አንዱን ቃል ልለውጠው አሰብኩ። ሁለቱንም ማውጣት አቃተኝ። ሳጥኗን ባዶ ተውኳት።

ደግሞ አባዬ አሁን የጋዜጣ ፊደል አያነብም፣ ዓይኑ ደክሟል። ወረቀቱን ብልክለትም ሌላ ሰው ነው የሚያነብለት። ስለዚህ በስልክ ፍንጮቹን አንድ በአንድ ላነብለት ነው ያሰብኩት። ቀድሞስ መቼ እስክሪብቶ ፈልጎ ያውቃል? መዳፉ አለ።

እዚህ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ሆኗል። እዚያ ጀንበር እየወጣች ነው፣ አባዬ በረንዳው ላይ ወንበሩን እያስተካከለ ይሆናል። ስልኩን ይዣለሁ። በጆሮ ሲሰማ ሀ ሁሉ አንድ ነው፣ ሳጥኗ ያለ ችግር ትሞላለች። ግን አባዬን አውቀዋለሁ። ጣቱን መዳፉ ላይ እንዳደረገ ትንሽ ዝም ይልና «የትኛው ሀ ነው?» ይለኛል።

ምን ልበለው?