እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የሚጠብቁትን ነገር በ«ሹድ» እና በ«ባይ» እንዴት ይናገራሉ?

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአማካሪዎቻቸው፣ የቡና አቅራቢዎችም ውጭ አገር ላሉ ገዢዎቻቸው የሚጽፏቸውን የእንግሊዝኛ ደብዳቤዎች እዚህ ጅማ ሳነብ ደጋግሜ የምመለከተው አንድ ችግር አለ። ሆሄያቱ የተስተካከሉ፣ ቃላቱም በጥንቃቄ የተመረጡ ሆነው ሳለ፣ ጸሐፊው የሚጠብቀው ነገር ግምት ይሁን ግዴታ፣ የተቆረጠ ቀን ይሁን የሚዘልቅ ጊዜ፣ ከጽሑፉ አይለይም። ለዚህ ዋናው ምክንያት ሞዳል የሚባሉትን፣ ማለትም ግዴታንና ግምትን የሚገልጹትን፣ ረዳት ግሦች በአንድ ምዕራፍ፣ መስተዋድዶችን ደግሞ ወራት ቆይተን በሌላ ምዕራፍ ማስተማራችን ይመስለኛል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን የሚጠብቀውን ሲናገር ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ነው የሚያወጣቸው፤ ረዳት ግሡ የጥበቃውን ክብደት ይነግረናል፣ መስተዋድዱ ደግሞ ከማንና እስከ መቼ እንደሚጠበቅ ይወስናል።

ከ«ሹድ» (should) ልጀምር። ይህ ቃል የ«ሻል» (shall) ያለፈ ጊዜ ቅርጽ ሲሆን፣ «ሻል» በጥንታዊው እንግሊዝኛ ዕዳ መኖርን ያመለክት ነበር፤ የግዴታ ቃል የሆነው «ኦት ቱ» (ought to) የሚለውም የተገኘው ባለቤትነትንና ዕዳን ከሚገልጽ ግሥ ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ «መቶ ብር አለብኝ» የምንልበት «አለብኝ»፣ «መሄድ አለብኝ» ስንልም ያው ነው። ከዚያም አልፎ «እስካሁን ደርሶ መሆን አለበት» ስንል ዕዳውም ግዴታውም ቀርቶ ግምት ብቻ ይሆናል። ሁለቱ ቋንቋዎች ከዕዳ ወደ ግዴታ፣ ከግዴታም ወደ ግምት የሄዱበት መንገድ መመሳሰሉ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ልዩነቱ የሚታየው መንገዱ በሚያበቃበት ቦታ ነው። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ማለዳ የተነሣውን አውቶቡስ መናኸሪያ ሆኖ የሚጠብቅ ሰው «ዘ ባስ ሹድ ሃቭ አራይቭድ» ቢል፣ ንግግሩ ሁለት ትርጉም ይይዛል። አንዱ «ሳይደርስ አልቀረም» የሚል ግምት ነው፤ ሌላው «መድረስ ነበረበት፣ ግን አልደረሰም» የሚል ቅሬታ ነው። አማርኛ ከሁለቱ አንዱን እንድንመርጥ ያስገድደናል፣ እንግሊዝኛ ግን ምርጫውን ለሁኔታውና ለድምፅ ቃና ይተወዋል። ስለዚህ በጽሑፍ ስንጠቀምበት፣ ቃናው ወረቀት ላይ ስለማይሰማ፣ ከጎኑ የሚያብራራ ሐረግ ማስገባት ግድ ይለናል።

«ሹድ» ግምት ሲሆን ሌላም ጠባይ አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘነብለው ወደምንወደው ውጤት ነው። ቡና በደረቁ ወራት መጨረሻ የሚያብበው ዝናብ ካገኘ በኋላ ስለሆነ፣ አበባውን የሚጠባበቅ ገበሬ «ኢት ሹድ ሬይን ዚስ ዊክ» («በዚህ ሳምንት መዝነቡ አይቀርም») ቢል እጅግ የተፈጥሮ አነጋገር ነው። ያንኑ ዓረፍተ ነገር በኅዳር ወር የለቀመውን እሸት ቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ አስጥቶ ፀሐይ የሚለምን ሰው ቢናገረው ግን የሰሚውን ጆሮ ይጎረብጣል፤ ለእርሱ ዝናቡ ስጋት ነውና «ኢት ዊል ፕሮባብሊ ሬይን» («ሳይዘንብ አይቀርም») ቢል ይሻለዋል። የሰማዩ መረጃ ለሁለቱም አንድ ሊሆን ይችላል፣ ረዳት ግሡን የሚለውጠው የሚናገረው ሰው ፍላጎት ነው። ይህን ነጥብ በብዙ የመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ አለማግኘቴ ያሳዝነኛል።

«ማስት» (must) ደግሞ አሁን ካለ ማስረጃ ተነሥቶ መደምደሚያ ላይ ለመድረስ ያገለግላል። በር ላይ የረጠበ ጃንጥላ አይቶ «ውጭ እየዘነበ መሆን አለበት» ለማለት «ማስት» ትክክል ነው፤ ነገ ስለሚዘንበው ዝናብ ለመገመት ግን አይሆንም። በትእዛዝነቱ ደግሞ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 እና በ1990ዎቹ መጀመሪያ የታተሙ የእንግሊዝና የአሜሪካ ጽሑፎችን ያነጻጸሩ የቋንቋ ጥናቶች፣ «ማስት» እና «ሻል» በግልጽ እየቀነሱ፣ እንደ «ኒድ ቱ» (need to፣ «ያስፈልጋል») ያሉት ደግሞ እየተስፋፉ መምጣታቸውን አሳይተዋል። የእኛ ተማሪ ለፈረንጅ መምህሩ «ዩ ማስት ሪድ ማይ ድራፍት» («ረቂቄን ማንበብ አለብዎት») ብሎ ሲጽፍ በልቡ ትሕትና ይኖር ይሆናል፣ አንባቢው ግን የሚያየው ትእዛዝ ነው።

«ኢክስፔክት» (expect፣ «መጠበቅ») የተባለውም ግሥ በዚሁ መልክ ያሳስታል። በአማርኛ «መልስዎን እጠብቃለሁ» ብሎ ደብዳቤ መዝጋት ጨዋነት ነው። «አይ ኢክስፔክት ዩ ቱ ሪፕላይ» ግን አለቃ ለበታቹ የሚናገረው ነው፤ ባለመመለስህ ትጠየቃለህ የሚል ድምፅ አለው። ጨዋው መንገድ «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሂሪንግ ፍሮም ዩ» («ምላሽዎን በጉጉት እጠብቃለሁ») ነው። በዚህ ላይ የመስተዋድዱ ጉዳይ ይጨመራል። እኛ «ከአንተ ይህን አልጠብቅም» ስንል አንዲቱ «ከ» ሁሉን ትሸከማለች፤ እንግሊዝኛ ግን ለሁለት ይከፍለዋል። ከሰውየው ወደ እኛ የሚመጣ ነገር፣ ለምሳሌ ገንዘብ፣ መልስ ወይም ዕቃ፣ ሲጠበቅ «ፍሮም» (from) ይመረጣል፤ የሰውየው ጠባይና ኃላፊነት ሲሆን ደግሞ «ኦፍ» (of) ይቀናል። ድንበሩ ሁልጊዜ የጠራ አይደለም፣ ሆኖም «ኦፍ» በገባበት ቦታ ላይ የሥነ ምግባር ሚዛን እንደተቀመጠ አንባቢ ይሰማዋል።

ከሁሉ በላይ ዋጋ የሚያስከፍለን ግን ሁለቱም በአማርኛ «እስከ» የሚባሉት የ«ባይ» (by) እና የ«አንቲል» (until) መምታታት ነው። «እስከ ዓርብ ድረስ እንልካለን» የሚለው አማርኛ፣ ዓርብ የመጨረሻው ቀን መሆኑን ሁላችንም ስለምናውቅ፣ ማንንም አያደናግርም። አንድ የማውቀው የቡና አቅራቢ ማኅበር ጸሐፊ ይህንኑ «ዊ ዊል ሴንድ ዘ ሳምፕልስ አንቲል ፍራይደይ» ብሎ አርቅቆ አሳየኝ። ገዢው እንደተጻፈ ቢያነበው የሚረዳው፣ ናሙናው በየቀኑ ሲላክ ሰንብቶ ዓርብ እንደሚቋረጥ ነው። አንድ ድርጊት ከተቆረጠው ቀን በፊት ወይም በዚያው ቀን አንድ ጊዜ የሚፈጸም ከሆነ «ባይ»፣ እስከዚያ ቀን ሳይቋረጥ የሚዘልቅ ከሆነ «አንቲል» ነው የሚባለው። ስለዚህ «የዋጋ ማቅረቢያችን እስከ ዓርብ ይጸናል» የሚለው «አንቲል» ይፈልጋል፣ «እስከ ዓርብ መልስ ስጡን» የሚለው «ባይ»።

አሉታ ሲገባ ነገሩ ይበልጥ ይረቃል። «ኢት ዎንት አራይቭ ባይ ፍራይደይ» ማለት ዓርብ ዕቃው ገና በእጃችን አይኖርም ማለት ነው፤ «ኢት ዎንት አራይቭ አንቲል ፍራይደይ» ሲሆን ግን ከዓርብ በፊት አትጠብቁ፣ ዓርብ ግን ይደርሳል የሚል ተስፋ ተሰጥቷል። በአማርኛ ሁለቱንም «እስከ ዓርብ አይደርስም» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ልናልፈው እንችላለን፤ በእንግሊዝኛው ግን ይህ ለውጥ ብቻ መጋዘን ያዘጋጀውንና ያላዘጋጀውን ገዢ ይለያል። በተመሳሳይ «በሁለት ሳምንት ውስጥ» የሚለው «ዊዚን» (within) ነው፤ «ኢን ቱ ዊክስ» ብለን ከጻፍን አንባቢው ዛሬ ተነሥቶ ሁለት ሳምንት ይቆጥርና ዕቃውን የሚጠብቀው በመጨረሻው አካባቢ ነው።

«ቢ ሳፖዝድ ቱ» (be supposed to) የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። በሌላ ሰው ወይም በመመሪያ የተወሰነ ዕቅድን ይገልጻል፤ በተለይ የኃላፊ ጊዜው «ዋዝ» (was) ሲቀድመው ዕቅዱ አለመሳካቱን አስቀድሞ ያረዳል። ስለዚህ ገና ያልዘገየ ዕቃን በዚህ መግለጽ ሳያስፈልግ ገዢውን ማስደንገጥ ነው።

መስተዋድዱና ረዳት ግሡ ተስተካክለው እንኳ ሰዓቱ ሊያበላሸን ይችላል። የእኛ ቆጠራ ከንጋት ስለሚጀምር፣ «ባይ 3 ኦክሎክ» ብሎ የሚጽፍ የጅማ ሰው የጠዋቱን 3 ሰዓት ሲያስብ፣ ለንደን ወይም ሀምቡርግ ያለው አንባቢ ከቀትር በኋላ 9 ሰዓታችንን ይረዳል፤ ያውም በራሱ አገር ሰዓት ቆጥሮ። ለዚህ ተማሪዎቼን የማስጽፋቸው፣ የጠዋቱን 3 ሰዓት በፈረንጆቹ አቆጣጠር 9:00 ብለው፣ ከአጠገቡ ጠዋት መሆኑንና የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት መሆኑን እንዲጨምሩ ነው።