በእማማ ፈንታ የሰጠሁት ድምፅ

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ 2015፣ እንግሊዝ አገር በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ስሠራ ነው። ያን ሰሞን ወሬው ሁሉ ምርጫ ነበር። ሜይ 7 የፓርላማ ምርጫ አለ፤ በዚያው ዕለት የሚዘጋ ሌላም ምርጫ ነበር። ዴቪድ ሊንዶ የተባለው የወፎች አዋቂ «ብሪታኒያ ብሔራዊ ወፍ ይኑራት» ብሎ ሕዝቡን ድምፅ ያሰጥ ነበር። ለመጨረሻው ዙር አሥር ወፎች ቀርበዋል፤ ሮቢን፣ ጉጉት፣ ብላክበርድ፣ ስዋን፣ ፓፊን እያለ ይቀጥላል። እኛም ፎቶዎቹን ሳሎን ግድግዳ ላይ ለጥፈን የነዋሪዎቹን ምርጫ መሰብሰብ ጀመርን። ቁርስ እያደልኩ ምልክት ማድረጉ ለእኔ ተሰጠኝ።

አንዲት እናት ነበሩ፤ ስማቸውን አልጠራም፣ እማማ ልበላቸው። ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ እጃቸው አይንቀሳቀስም፣ ንግግራቸውም ጠፍቷል። የቀረቻቸው አንድ ቃል «የስ» ነበረች። ሲስማሙም «የስ»፣ ሲናደዱም «የስ»። አጠገባቸው ደርሼ የሮቢንን ፎቶ አሳየኋቸውና «ሮቢን ይሁንልዎት?» አልኳቸው። ሮቢን እኮ እዚያ አገር የማይወደው የለም፤ ደረቱ ቀላ ያለ፣ አትክልተኛ አፈር ሲቆፍር ትል ለመልቀም እግሩ ሥር የሚመጣ፣ የገና ካርድ ሁሉ ላይ ያለ ወፍ ነው። «የስ» አሉ። ምልክት አድርጌ አለፍኩ። ትሪያቸውን በግራ እጃቸው ሲመቱት ሰማሁ፤ ሻዩ ቀዝቅዞባቸው መስሎኝ ቀየርኩላቸው።

በዚያው ሳምንት የሌሊት ተረኛ ሆንኩ። እማማ ገና ወፍ ጭጭ ሲል ይነቁና መስኮቱን እየጠቆሙ ያቃስታሉ። ብርድ ነው ብለን መስኮቱን ዘግተን መጋረጃውን እንስባለን፤ እሳቸው ይብሳሉ። መዝገባቸው ላይ «በንጋት ይረበሻሉ» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ይህን ከጻፉት መካከል እኔም ነበርኩ።

አንድ ቀን ልዘጋው እጀታውን ስይዝ ከጎረቤት ቤት ጭስ ማውጫ ላይ ድምፅ ሰማሁ። ቀና ብዬ አየሁ። ጥቁር ወፍ፣ ምንቃሩ እንደ ብርቱካን ልጣጭ። እንደ ዋሽንት ወፈር ያለ ለስላሳ ዜማ ያወጣና ይቆማል፣ ደግሞ ሌላ ያወጣል። ብላክበርድ ነው። (ስሙ ጥቁር ወፍ ይሁን እንጂ ሴቷ ቡናማ ናት፤ ግቢው ውስጥ ትል ስትጎትት ሳያት ሌላ ወፍ ትመስለኝ ነበር።) እጄን ከመስኮቱ አነሳሁ። እማማም እጃቸውን አወረዱ።

ሲነጋ ለነርሷ ነገርኳት፤ ምርጫቸውን እንዴት እንደሞላሁም አልደበቅኩም። ሁለት ፎቶ፣ የሮቢንና የብላክበርድ፣ አንስታ እማማ ፊት አስቀመጠች። የወፎቹን ስም አንዴ ጠራችና ዝም አለች። ዝምታው ለእኔ ረዘመብኝ፤ እኔ ብሆን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ጠይቄ ነበር። እማማ ጣታቸውን ቀስ አድርገው ብላክበርዱ ላይ አሳረፉ። ነርሷ የፎቶዎቹን ቦታ ለዋውጣ እንደገና ጠየቀች። ጣታቸው ብላክበርዱን ተከትሎ ሄደ። ከጉጉት ጋር ስታስቀምጠውም እዚያው።

ከዚያ ኮሪደር ላይ አስረዳችኝ። ስትሮክ ንግግርን ሲወስድ አስተሳሰብን አብሮ ላይወስድ ይችላል፤ ከአፍ የሚወጣው ቃል ግን ሰውየው ካሰበው ጋር ላይገናኝ ይችላል። ስለዚህ የእማማን «የስ» ብቻውን እንደ መልስ መያዝ አይቻልም። በእንግሊዝና በዌልስ ሜንታል ካፓሲቲ አክት የሚባል የ2005 ሕግ አለ፤ ሰው ራሱ እንዲወስን የሚቻለው እርዳታ ሁሉ ሳይደረግለት መወሰን አይችልም አይባልም። ሥልጠናውን ወስጄዋለሁ። ግን በእኔ ሐሳብ ሕጉ ለቀዶ ጥገናና ለገንዘብ ጉዳይ ነበር። ስንት ጠዋት ሹራባቸውን፣ ቁርሳቸውን፣ የሚያዩትን ቴሌቪዥን በአንዲት «የስ» እንደወሰንኩላቸው ሳስበው ሆዴ ተላወሰ።

ዝርዝሩ ገና አልተላከም ነበርና አስተካከልነው። ይቅርታም ጠየቅኳቸው፣ አጎንብሼ፣ ዓይናቸውን እያየሁ። መዝገባቸው ላይ «በንጋት ይረበሻሉ» የሚለው ቀርቶ «ሊነጋ ሲል መስኮት ይከፈትላቸው፤ ወፍ ያዳምጣሉ» ተባለ። መስኮቱ ለደኅንነት ሲባል ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ አይከፈትም፤ ለዚያ ዜማ ግን በቂ ነበር።

በጁን ውጤቱ ወጣ። ከ200,000 በላይ ሰው ድምፅ ሰጥቶ ሮቢን በ34 በመቶ አንደኛ፣ ጉጉት ሁለተኛ፣ ብላክበርድ ሦስተኛ። ለእማማ ነገርኳቸው። «የስ» አሉ። በዚህኛው ምን ማለታቸው እንደሆነ ለማወቅ ፊታቸውን እያየሁ ቆየሁ፤ ከንፈራቸው ዳር ፈገግታ ነበረች።

ጁላይ ሲያልቅ ብላክበርዱ መዝፈኑን ተወ፤ በዚያ ወቅት ልማዱ ነው። እማማ ግን ሊነጋጋ ሲል መስኮቱን መጠቆማቸውን አልተዉም። እከፍትላቸውና አልጋቸው ዳር ቁጭ እላለሁ።