አራት ሰው፣ አንድ ዛፍ

ሰኞ ጠዋት ነው። የመጀመሪያው ፖስተር ስክሪኑ ላይ ተከፈተ። የተገለጠ መጽሐፍ፤ ከመሀሉ የበቀለ ትልቅ ዛፍ፤ በቅጠል ፈንታ ወደ ወርቃማ ሰማይ የሚበርሩ ፊደላት። ያምራል። እውነቱን ለመናገር በጣም ያምራል። «ጎበዝ!» አልኩት።

ቀጥላ ሁለተኛዋ ባልደረባችን ላፕቶፗን ሰካች። መጽሐፍ። ዛፍ። ወርቃማ ሰማይ። የእሷ ዛፍ ሥር አንድ ሕፃን ቁጭ ብሎ ያነባል፤ ልዩነቱ እሱ ብቻ ነው። አንዱ ሳቅ አመለጠው።

ሦስተኛው ገና ፋይሉን ሳይከፍት ፊቱ ልውጥውጥ አለ።

«እኔ ልለፍ» አለ።

«አታልፍም፣ ክፈተው» አልኩት።

ከፈተው። ዛፍ።

በዚህ መሀል እኔ ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ። የራሴን ላፕቶፕ ቀስ ብዬ ከደንኩት። የእኔም ዛፍ ነበር።

የምመራው አነስተኛ የዲዛይን ክፍል ነው። አምስት ነን። ሥራው የአንድ ቤተ መጻሕፍት የንባብ ዘመቻ ፖስተር ነበር። ደንበኛችን የነገሩን አጭር ነው። «ማንበብ የማይወደውን ሰው አይደለም የምንፈልገው። ያነብ የነበረውን፣ መሀል ላይ የተወውን መልሱልን» አሉን። እንዲህ ጥርት ያለ ትእዛዝ በዓመት አንዴ ከተገኘ ትልቅ ነገር ነው። እስቲ ደግማችሁ አንብቡትና ዛፉን አስቡት። ምን አገናኛቸው?

ማንም ከማንም አልቀዳም። አራታችንም ሐሙስ ማታ ትእዛዙ እንደደረሰን መጀመሪያ ያደረግነው ነገር አንድ ሆኖ ነው። ኤአይን፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉትን፣ ጠየቅን። አንዱ ከቻትጂፒቲ ሐሳብ ተቀብሎ ምስሉን ሥዕል በሚሠራው በሚድጆርኒ አሠራ። ሌላዋ ሌላ መሣሪያ ተጠቀመች። የገባንበት በር ለየቅል፣ የደረስንበት ቤት ግን አንድ።

ለምን እንደዚህ እንደሆነ ለመረዳት ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም። ጽሑፍ የሚያመነጩት መሣሪያዎች ከዚህ ቃል ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለው የትኛው ነው እያሉ ያሰላሉ። ካልተቆጣጠሯቸው ብዙ ሰው የረገጠውን መንገድ ይዘው ነው የሚሄዱት። ምስል የሚሠሩትም ከዚህ ብዙ አይርቁም። የሠለጠኑት በቢሊዮን በሚቆጠሩ ምስሎችና ከምስሎቹ ጋር በተጻፉ መግለጫዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ የሆነው ላዮን-5ቢ የተባለው ስብስብ ብቻ ከ5 ቢሊዮን በላይ የምስልና የጽሑፍ ጥንድ አለው። እዚያ ውስጥ «ንባብ»፣ «እውቀት»፣ «ምናብ» ከሚሉ ቃላት ጎን ስንት ዛፍ እንደተተከለ ገምቱ። የተከልነው ደግሞ እኛው ነን። እኔ ራሴ ኤአይ የሚባል ነገር ጠረጴዛዬ ላይ ሳይደርስ ከመጽሐፍ የበቀለ ዛፍ ሁለት ጊዜ ሸጫለሁ። የራሳችንን ዛፍ ነው አሳምሮ የመለሰልን።

በዚያው ሳምንት አንድ ጥናት አገኘሁ። አኒል ዶሺና ኦሊቨር ሃውዘር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ሳይንስ አድቫንስስ በተባለው መጽሔት ያወጡት ነው። ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች አጭር አጭር ታሪክ ጻፉ። ከፊሎቹ መነሻ ሐሳብ ከኤአይ እንዲወስዱ ተፈቀደላቸው። አንባቢ ሲመዝነው ሐሳብ የወሰዱት ሰዎች ጽሑፍ የተሻለ ፈጠራ ያለበት ሆኖ ተገኘ። በተለይ በራሳቸው ብዙም ፈጠራ ለማይሆንላቸው ጠቀማቸው። ጽሑፎቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ከሌሎቹ ይልቅ እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። የእኛን ሰኞ አይተው የጻፉት ነው የመሰለኝ። የእያንዳንዳችን ዛፍ ለብቻው ቢመጣ ኖሮ ያለምንም ጥያቄ አጸድቀው ነበር። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ይሄ ነው። አራቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ባይገናኙ ማን ያውቅ ነበር?

አምስተኛው ተለማማጁ ልጅ ነው። ተራው ሲደርስ ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ ተነሣ። ላፕቶፑ ረቡዕ ዕለት ተበላሽቶ ጥገና ገብቶ ነበር። ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ሌላ ጀግንነት የለበትም። በእስክርቢቶ የሞነጫጨረውን አሳየን። የተዘጋ መጽሐፍ። የያዘው እጅ። አመልካች ጣት መጽሐፉ ውስጥ ገብቷል። በቃ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«አያቴ ናት።»

ሳቅን። እሱ አልሳቀም።

«ስታነብ ከጠራናት መጽሐፉን አታስቀምጠውም» አለ። «ያቆመችበት ገጽ ላይ ጣቷን ታስገባና ትከድነዋለች። እኛን ታናግራለች፣ እንግዳ ትሸኛለች፣ ጣቷ ግን እዚያው ነው። መጽሐፉን ‹መጣሁ› ያለችው ይመስለኛል።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። መጣሁ። እየሄድን የምንለው ቃል። ጀርባችንን ሰጥተን፣ የበሩን እጀታ ይዘን፣ «መጣሁ» እንላለን። ደንበኛችን የጠየቁትም ይህንኑ ሰው ነበር፤ መሀል ላይ ትቶ የሄደውን። ፖስተሩ ላይ የሚጻፈው ቃል እዚያው ተገኘ። የተከራከረ ሰው አልነበረም። በእኛ ክፍል ይሄ ራሱ ዜና ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥፋቴ ልምጣ። ልጁን አመሰገንኩና ሐሳቡን ወስጄ ለኤአይ ሰጠሁት። አሳምርልኝ ማለቴ ነው። መጀመሪያ የተገለጠ መጽሐፍ መጣ። «የተዘጋ» አልኩት። ዘጋው፤ ጣቱ ውጭ ቀረ። «ጣቱ ውስጥ ይግባ» አልኩት። ጣቱ ሽፋኑን እንደ ሚስማር በስቶ በሌላ በኩል ወጣ። አንዴ ስድስተኛ ጣት አበቀለልኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስታገል ቆየሁ። በመጨረሻ መጽሐፉ ተዘጋ፣ ጣቱ ገባ፣ ጣቶቹም ልክ አምስት ሆኑ። ከጀርባ ግን ያ ወርቃማ ሰማይ ተመልሶ መጣ። ማን ጠራው?

ልጁ ከኋላዬ ቆሞ ያያል።

«እንዲህ አይደለም» አለ ቀስ ብሎ። «ይሄኛው ጣት ዘና ብሏል። እሷ ገጹ እንዳይጠፋባት ትጫነዋለች።»

በዚያ ሰዓት የሂሳብ ሠራተኛችን ፋይል ይዘው በአጠገባችን አለፉ። ትልቅ ሴት ናቸው። ልጁ ከመደርደሪያው አንድ መጽሐፍ አነሣና «እትዬ፣ እያነበቡ ሳለ ሰው ጠራዎት እንበል» አላቸው። ሌላ ምንም አላላቸውም። ፋይሉን አስቀምጠው መጽሐፉን ተቀበሉት። ገለጥ አደረጉት፣ ከደኑት። አመልካች ጣታቸው እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ ውስጥ ነው። አውራ ጣታቸው ሽፋኑ ላይ ተጋድሟል፤ ከመጫናቸው የተነሣ የጥፍራቸው ጫፍ ነጣ ብሏል። ትንሿ ጣት ከሥር ታጥፋ መጽሐፉን ደግፋለች። ያቺን ትንሽ ጣት ልጁም አልሣላት፣ እኔም አላሰብኳት።

«ስንት ደቂቃ ልያዘው ልጄ?» አሉት።

መስኮት አጠገብ አስቁመን በስልክ አነሣናቸው። የነጣውን ጥፍር አልነካነውም። ከጀርባቸው የነበረውን የተዝረከረከ መደርደሪያ ያጠፋሁት ግን በዚያው በኤአይ ነው። በእጅ ቢሆን ከሰዓቴን በሙሉ ይበላ ነበር፤ እሱ በሰከንዶች ጨረሰው። እጅ ባይኖረውም «እጅህን ይባርከው» ብያለሁ።

ደንበኛችን ሲረከቡ ሕግ ክፍላቸው አንድ ጥያቄ ላከ። «ይህን ማን ሠራው?» የቅጂ መብት ጉዳይ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት ማሽን ብቻውን ያመነጨው ሥዕል የቅጂ መብት እንደማያገኝ ወስኗል፤ ይግባኝ ሰሚውም በ2025 አጽንቶታል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጥያቄ አሁን የተለመደ ነው። ዛፉን ይዤ ሄጄ ቢሆን ላቤ ጠብ ይል ነበር። አሁን ግን ሐሳቡ የማን፣ እጁ የማን፣ ፎቶው የማን እንደሆነ በሁለት መስመር ጽፌ ላክሁ።

የመጀመሪያው ዛፍ ባለቤት ግን ነገሩ አልተዋጠለትም። «ፎቶግራፍ ሲመጣም ሥዕል አለቀለት ተብሎ ነበር» አለኝ። ይህን ክርክር ስንቴ ሰማሁት! እውነት አለው። ፈረንሳዊው ዳጌር የፈለሰፈው ፎቶግራፍ እ.ኤ.አ. በ1839 ይፋ ከሆነ በኋላ ሥዕል አልሞተም። በመዳፍ የምትያዝ የሰው መልክ እየሣሉ ይተዳደሩ የነበሩት ሠዓሊዎች ግን ገበያቸውን አጥተዋል። ጥበቡ ተረፈ ሲባል እነሱን የሚቆጥር የለም። ይህን ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝና «እሺ፣ ግን ሐሙስ ማታ ሰጥተኸን ለሰኞ ጠዋት ሦስት ሦስት አማራጭ ያልከው አንተ ነህ» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ድሮ ለእንዲህ ያለ ሥራ አሥር ቀን እሰጥ ነበር። መሣሪያው ስለፈጠነ ሐሳቡም የሚፈጥን መስሎኝ ቀኑን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ማሽኑ አልጠየቀኝም።

ከዚያ በኋላ ቀኑን መለስኩ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ወረቀት ብቻ እንጠቀም አልኩ። ባለ ሁለተኛው ዛፍ ባልደረባችን ይህን ሕግ አልወደደችውም። እሷ ተቃራኒውን ነው የምታደርገው። መጀመሪያ ኤአይን ሃያ ሐሳብ አምጣ ትለዋለች፤ ሃያውንም አትማ ግድግዳ ላይ ትለጥፋለች፤ «እነዚህ የተከለከሉ ናቸው» ትላለች። ከዚያ ሥራ ትጀምራለች። ሳልደብቅ ልናገር፣ ከእኔ ሕግ የእሷ ግድግዳ ሳይሻል አይቀርም። ግድግዳው ላይ ዛፉ ሁልጊዜ አለ።

የልጁ ላፕቶፕ በሁለተኛው ሳምንት ከጥገና ወጣ። ቀጣዩ ሥራ የአንድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ፖስተር ነበር። ከሁላችንም ቀድሞ እጁን አወጣ። ላፕቶፑን ሰካ። ክራር የሚመስል ነገር፤ ከክሮቹ መሀል የሚበርሩ ወፎች፤ ከወፎቹ ጀርባ ወርቃማ ሰማይ።

ማንም ምንም አላለም። ልጁ አንድ በአንድ ፊታችንን አየ። ከዚያ ላፕቶፑን ከደነና በሩን ከፍቶ «መጣሁ» ብሎን ወጣ።